ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት እናቲቱን እዩ

በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች አመጋገብ፣ ስለ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ ስለ አማትና ምራት ጭምር ጽፌያለሁ። ስለ ውሻ ግን ጽፌ አላውቅም። ሰሞኑን የአንዲት እናት ጥያቄ አስገደደኝ። «ሁለቱ ልጆቼ ቡችላ ካልገዛሽልን ብለው እንቅልፍ ነሡኝ። በቴሌግራም ያገኘሁት ሻጭ ፎቶ ልኮልኝ ‹ሌላ ሰው ሊወስደው ነው፤ ዛሬውኑ ግማሹን ቀብድ ካስገባሽ ላስቀምጥልሽ› ይለኛል። ልላክለት ወይ?» ትላለች።

እኅቴ፣ እንዳትልኪለት። አጭሩ መልስ ይኼ ነው። ረጅሙን ደግሞ ቡችላ ለማምጣት ላሰባችሁ ወላጆች ሁሉ፣ በተለይም ልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ወላጆቹ ሥራ ሲሄዱ ከቡችላው ጋር ቤት ለምንውለው አያቶች ልበል።

«እናቷን አይተህ ልጅቷን አግባ» ይላል ያገራችን ሰው። ለትዳር ይሠራል አይሠራም ሌላ ክርክር ነው፤ ለቡችላ ግን ከዚህ የተሻለ ምክር አላገኘሁም። ቡችላ ሁሉ ያምራል። ካርቶን ውስጥ ተጠቅልሎ ሲታይ የታመመውም ከጤነኛው እኩል አንጀት ይበላል። እንዲያውም የታመመው ድምፁን ሳያሰማ ስለሚተኛ «እንዴት ያለ ጨዋ ነው!» ይባልለታል። እናቲቱ ግን አታታልልም። ያለችበት ቦታ ንጹሕ ነው ወይስ ይሸታል? ባለቤቷ ሲጠራት ጅራቷን እየቆላች ትመጣለች ወይስ ጥግ ይዛ ትሸማቀቃለች? የምታጠባ ውሻ ትንሽ ብትከሳ፣ እንግዳ ሰው ወደ ልጆቿ ሲጠጋም ብታጉረመርም አይፈረድባትም። ባለቤቷ አጠገቧ ቆሞ ሲያረጋጋት የማትረጋጋ ከሆነች ግን ግልገሎቿም ፍርሃቱን ከእሷ እየተማሩ ነው የሚያድጉት።

በየመንገዱ ዳር፣ መኪና በሚቆምበት መብራት ላይ ቡችላ አቅፈው የሚሸጡ ወጣቶች አሉ። እንጀራቸው ነውና አልፈርድባቸውም። ግን እናቲቱን ሊያሳዩዋችሁ አይችሉም። ዕድሜውን ብትጠይቁ «ሁለት ወር» ነው፤ ሁሌም ሁለት ወር ነው። ቡችላ ባነሰ ቁጥር ስለሚያምርና ለሻጩም ወጪው ስለሚቀል በአራትና በአምስት ሳምንቱ ከእናቱ የሚነጠለው ብዙ ነው። ከስምንት ሳምንት በፊት ቡችላ መውሰድ ጥሩ ያልሆነው በወተቱ ምክንያት ብቻ አይደለም። ቡችላ የጥርሱን ልክ የሚማረው ከእናቱና ከወንድሞቹ ነው። ወንድሙን አጥብቆ ሲነክስ ወንድሙ ይጮኽና ጨዋታው ይቆማል፤ እናቱን ሲነክስ ትቆጣዋለች። ያንን ትምህርት ሳይጨርስ እኛ ቤት ከመጣ የሚማረው በልጅ ልጆቻችን እጅ ላይ ነው።

በሰፈራችን አንድ ቤተሰብ አምና ከመንገድ ዳር ቡችላ ገዙ። በአምስተኛው ቀን ማስታወክ ጀመረ፤ ቀጥሎ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ መጣ፤ በሰባተኛው ቀን ሞተ። የእንስሳት ሐኪሙ ፓርቮ የሚባለው በሽታ ነው አላቸው። የስድስት ዓመቷ ልጃቸው «እኔ ወተት ስለሰጠሁት ነው የሞተው?» እያለች ለሳምንታት ትጠይቅ ነበር። ፓርቮ ክትባት አለው። የመጀመሪያው መርፌ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ይሰጥና በየሦስትና አራት ሳምንቱ እየተደገመ እስከ አራት ወር ገደማ ይቀጥላል። አንድ መርፌ የተወጋ ቡችላ «ክትባቱን ጨርሷል» ቢሏችሁ አትቀበሉ። ሌላም ነገር አለ፤ የፓርቮ ቫይረስ በአፈር ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመት ይቆያል። የሲሚንቶ ወለል በበረኪና ይታጠባል፤ የግቢ አፈር ግን በምን ይታጠባል? ስለዚህ ሻጩን «በዚህ ግቢ ባለፈው ዓመት የሞተ ቡችላ አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። የራሳችሁ ግቢም ከሆነ ቡችላ የሞተበት፣ ክትባቱን ያልጨረሰ ሌላ ቡችላ ለመተካት አትቸኩሉ። እነዚያ ጎረቤቶቻችን ለልጅቷ ማጽናኛ ብለው በማግስቱ ሌላ ሊገዙ ሲነሡ ያስቆማቸው ሐኪሙ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን የእብድ ውሻ በሽታ አለ። ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል፤ ሰው ላይ የሚደርሰውም በአብዛኛው በውሻ ንክሻ ነው። ብዙ ሰው «ቡችላ ምን ያደርጋል?» ይላል። ቡችላም ይይዘዋል፤ የቡችላ ጥርስ ደግሞ እንደ መርፌ ቀጭን ስለሆነ የቧጨረውን ልጅ ማንም ልብ አይለውም። የእብድ ውሻ ክትባት ለቡችላው የሚሰጠው ሦስት ወር ሲሞላው ነው። እስከዚያ ድረስ ያለው መከላከያ እናቲቱ ተከትባ ከነበረ ከእሷ ያገኘው ነው። ስለዚህ የእናቲቱን የክትባት ካርድ በእጃችሁ ይዛችሁ እዩት፤ ቀኑን፣ የሐኪሙን ማኅተምና ፊርማውን። «ካርዱ ቤት ቀርቷል» ካሉ፣ የቆማችሁት እኮ ቤታቸው ነው! ልጅ ከተነከሰ ወይም ከተቧጨረ ደግሞ ቁስሉን በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥባችሁ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ውሰዱት። እኛ ትልልቆቹ የባህል መድኃኒት እንወዳለን፤ ለዚህ ግን አንድም ቀን አታባክኑ።

እኔና ልጄ በሁዳዴ ለቡ አካባቢ ጀርመን ሸፐርድ የሚያራባ ሰው ዘንድ ሄደን ነበር። የልጅ ልጆቼን ሆነ ብለን ቤት ተውናቸው፤ ልጅ ቡችላ አቅፎ ሳለ «ይኼ አይሆንም» ብሎ የሚወጣ ወላጅ አላየሁም። ሰውየው ስልክ ላይ ያለኝ ነገር ደስ አሰኝቶኝ ነበር፤ «ሌላ ውሻ ያለበት ቤት ደርሳችሁ ከሆነ ጫማ ቀይራችሁ ኑ» አለኝ። በር ላይ ደግሞ እጃችንን አስታጠበን። እኛ ልንጠይቀው ተዘጋጅተን የሄድነውን ያህል እሱ ይጠይቀን ጀመር። አጥራችሁ ምን ያህል ነው? ቀን ቤት የሚውለው ማን ነው? በሰንሰለት በር ላይ ልታስሩት ነው? ከዚህ በፊት ውሻ ነበራችሁ? ምን ሆነ? እውነት ለመናገር ትንሽ ቅር አለኝ።

«ልጄ፣ ገንዘብ ከፍለን ለምንገዛው ይኼን ያህል ምርመራ ምንድን ነው?» አልኩት።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። «ይኼ ወንድ ሆኖ ሲያድግ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ይሆናል። ቢጎትትዎ ይጥልዎታል። በየቀኑ የሚያንሸራሽረው ማን እንደሆነ ካልነገሩኝ አልሰጥዎትም።»

ልጄ በየጠዋቱ እሷ ራሷ እንደምታወጣው ስትነግረው ነው ወደ ውስጥ ያስገባን። ለእኔ ጥሩ አርቢን ከነጋዴ የሚለየው ይኼ ነው። ነጋዴው ስለ ገንዘባችሁ ይጠይቃል፤ አርቢው ስለ ቤታችሁ። «የማይሆን ከሆነ፣ ዓመትም ቢቆይ መልሱልኝ እንጂ መንገድ ላይ እንዳትጥሉብኝ» ብሎም አስጠንቅቆናል። እንዲህ የሚል ሻጭ ካገኛችሁ አትልቀቁት።

እናቲቱን አየናት። አራት ዓመቷ ነው፤ ይኼ ሁለተኛ ወሊዷ ነው። ሴት ውሻ በዓመት ሁለቴ ገደማ ወንድ ትፈልጋለች፤ እርግዝናዋም ሁለት ወር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ለገንዘብ የጓጓ ሰው በየጊዜው ሊያስወልዳት ይችላል። ስንት ጊዜ እንደወለደችና በስንት ዓመቷ እንደጀመረች መጠየቅ ነውር የለውም። ሁለት ዓመት ሳይሞላት የወለደች፣ ወይም ዕረፍት ሳታገኝ በላይ በላዩ የምትወልድ ከሆነ ይለፋችሁ። ጀርመን ሸፐርድ የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር በዘር የሚተላለፍበት ውሻ ነው። እናትና አባቱ ራጅ ተነሥተው ከሆነ ውጤቱን ጠይቁ፤ ካልተነሡ ቢያንስ ከተኙበት ሲነሡና ሲራመዱ እዩአቸው። የኋላ እግሯን እየጎተተች የምትነሣን እናት ልጅ ከገዛችሁ፣ ሕመሙን በአምስትና በስድስት ዓመቱ የምታዩት እናንተ ናችሁ።

ጾም ስለነበር «ሥጋ ቤት በተዘጋበት ሰሞን ምን ታበላቸዋለህ?» አልኩት። ፍሪጁን ከፍቶ ከቅበላ በፊት ገዝቶ ያስቀመጠውን ሳንባ፣ ምድጃው ላይ ደግሞ በሩዝ የሚቀቀለውን አሳየኝ። የቡችሎቹን የትል መድኃኒት ከሁለት ሳምንታቸው ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ እንደሰጠ በደብተር ጽፎታል። ትሉን የምጠይቀው ለቡችላው አዝኜ ብቻ አይደለም። የውሻ ወስፋት ዕንቁላሉ በአፈር በኩል ወደ ሕፃን አፍ ሊገባ ይችላል፤ አልፎ አልፎም ዓይን እስከመጉዳት ይደርሳል። እጁን ሳይታጠብ የሚበላ የሦስት ዓመት የልጅ ልጅ ላለን ሰዎች ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ቀብዱ። እናቲቱን፣ ቦታውንና ካርዱን አይታችሁ ከወደዳችሁ ቀብድ መክፈል ተገቢ ነው፤ አርቢውም ሁለት ወር ሙሉ ሌላ ገዢ እየመለሰ ነው የሚያቆይላችሁ። ግን በወረቀት ይሁን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ በአንቀጽ 1883፣ ቀብድ መስጠት ውል ስለመደረጉ ማስረጃ እንደሆነ ይደነግጋል። በአንቀጽ 1885 ደግሞ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ከተወ ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ሰው ከተወ ግን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። «የተሻለ ዋጋ የሰጠኝ መጣ» ብሎ ቡችላችሁን ለሌላ የሰጠ ሻጭ የከፈላችሁትን ብቻ መልሶ «እንግዲህ ምን ይደረግ» እንዳይላችሁ ይኼን እወቁ። ስሙን በውል የማታውቁት የቴሌግራም ሻጭ ግን እጥፉን ቀርቶ ነጠላውንስ ከየት ታመጡታላችሁ?

የእኛ ወረቀት አንድ ገጽ ነው። የሁለታችን ስምና አድራሻ፣ የቡችሎቹ የልደት ቀን፣ የእናቲቱ መጠሪያ፣ ሙሉ ዋጋው፣ የቀብዱ መጠን፣ የምንረከብበት ቀን ሰፍሯል፤ ሁለት ምስክርም ፈርሞበታል። ልጄ ሁለት ነገር አስጨመረች። ከርክክብ በፊት ቡችላው ቢታመም ወይም ቢሞት ቀብዱ ይመለሳል፤ ከተረከብን በኋላም በአሥር ቀን ውስጥ የእንስሳት ሐኪም ፓርቮ ነው ካለ ሙሉ ገንዘቡ ይመለሳል። አሥር ቀን ያለችው ፓርቮ ብዙውን ጊዜ በተያዘ ከሦስት እስከ ሰባት ቀን ባለው ጊዜ ስለሚታይ ነው። ሰውየው ሳያቅማማ ፈረመ። እሱም በበኩሉ አንድ አስጨመረ፤ ከስድስቱ የትኛው እንደሚደርሰን እኛ ሳንሆን እሱ በሰባተኛው ሳምንት ይወስናል። መጀመሪያ ከበደኝ። ነገር ግን ከልጅ ጋር የሚሆነው የትኛው እንደሆነ፣ የትኛው እንደሚፈራ፣ የትኛው ሁሉንም ገፍቶ እንደሚበላ ቀን ከሌት ያየ እሱ ነው። ግማሽ ሰዓት ያየሁ እኔ በምን ልበልጠው?

«የፈረንጅ ውሻ» የግድ አይደለም ለምትሉም፣ እውነታችሁን ነው። የጎረቤታችሁ የአበሻ ውሻ ከወለደች እናቲቱን ለዓመታት አይታችኋታል፤ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የትም አይገኝም። ዋጋ ስለሌለው ብቻ በአምስት ሳምንቱ አምጥታችሁ እንዳትገላገሉት፤ ስምንት ሳምንቱን፣ የትሉን መድኃኒትና የእናቲቱን ክትባት ለእሱም ጠይቁ። እናቲቱ ካልተከተበች ክትባቷን እናንተ ብትከፍሉ ከቡችላ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም።

ርክክቡ ቅዳሜ ጠዋት ቢሆን ይሻላል፤ ቤተሰቡ ሁሉ ቤት በሚውልበት ቀን። ከእናቱ ጋር የተኛበትን ቁራጭ ጨርቅ ለምኑና አብራችሁ ውሰዱ፤ የለመደውን ምግብም ለመጀመሪያው ሳምንት አትቀይሩ። በሁለት ቀን ውስጥ ሐኪም ይየው። ሁለት ሦስት ሌሊት ማልቀሱ አይቀርም፤ አልጋው ሰው ካለበት ክፍል አጠገብ ከሆነ ቶሎ ይተዋል። ስም ማውጣቱን ለልጆቹ ተዉላቸው። እኛ ቤት በ«ቡቺ» እና በ«ሮኪ» መካከል ያለው ድርድር ገና አልተቋጨም፤ የምንረከበው ከፋሲካ በኋላ ባለው ቅዳሜ ነው።