አይልትስ ጠበቃ መሆናችሁን አያውቅም

ሰሞኑን በየቴሌግራም ቻናሉ አንድ ፒዲኤፍ እየዞረ ነው። «ለሕግ ባለሙያዎች የተዘጋጁ የአይልትስ ቃላት» ይላል፤ ዋጋ ተተምኖለት፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ተጽፎበት። ከቀድሞ ተማሪዎቼ ሦስት አራቱ «መምህር፣ ይጠቅማል ወይ?» ብለው ስለላኩልኝ ለእያንዳንዳችሁ ከምመልስ እዚሁ ልናገረው። አይጠቅምም። እንዲያውም ይጎዳችኋል።

ውስጡን አየሁት። «ናትዊዝስታንዲንግ»፣ «ሂርኢናፍተር»፣ «አፎርሴይድ»፣ «ሬስ ጁዲካታ»፣ «መንስ ሪያ»... ኧረ ተዉ! አይልትስ የሕግ ፈተና አይደለም። የንባብ ክፍሉ ጽሑፎች የሚመረጡት የዘርፉ ባለሙያ ላልሆነ አንባቢ ነው። ጽሑፋችሁን የሚያርመውም ሰው ቋንቋችሁን ሊመዝን እንጂ ሊዳኛችሁ አልተቀመጠም። የሕግ እንግሊዝኛን ለይቶ የሚፈትን ቶልስ የሚባል ሌላ ፈተና አለ። ለማስተርስ የምታመለክቱበት ዩኒቨርሲቲ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቃችሁ አይልትስ ወይም ቶፍል ነው።

«ስለ ወንጀልና ቅጣት ይጠይቃል'ኮ» የምትሉ አላችሁ። አዎ፣ ይጠይቃል። የሚጠይቀው ግን አስተያየታችሁን ነው፤ ቢያንስ በ250 ቃል። ነጥቡ የሚሰጠው በአራት መለኪያ ሲሆን የቃላት አጠቃቀም ከአራቱ አንዱ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን የሚመዘነው ቃሉ ቦታው ላይ በመዋሉ እንጂ በክብደቱ አይደለም።

ባለፈው አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ የልምምድ ጽሑፏን ላከችልኝ። ጎበዝ ጠበቃ ናት፣ ችሎት ላይ ብታዩአት ትኮሩባታላችሁ። ጥያቄው ወጣት ጥፋተኞችን ማሰር ይሻላል ወይስ ሌላ መንገድ አለ የሚል ነው። የመጀመሪያ መስመሯ «ናትዊዝስታንዲንግ ዘ አፎርሴይድ» ብሎ ይጀምራል። «ከላይ የተባለው ቢኖርም» ማለት ነው። ከላይ ምን ተባለና? ገና መጀመሯ'ኮ ነው! ወረድ ስል ደግሞ ወጣቶች ሰው ይሰርቃሉ ለማለት «ዘይ ስቲል ፒፕል» ብላለች። በአማርኛ «ሌባ ሰረቀኝ» እንላለን፣ ማንም ይገባዋል። በእንግሊዝኛ ግን እንዲህ ካላችሁ ሰውዬውን ራሱን ተሸክመው ሄዱ ማለት ነው። ለሰው «ሮብ»፣ ለዕቃ «ስቲል»። ፒዲኤፉ ይሄን የሚያህል ነገር የለውም።

የኛ ችግር ያለው እዚህ ጋ ነው። በአማርኛ አንድ ቃል የሆነው በእንግሊዝኛ ይበታተናል። «ከሰሰ»ን ውሰዱ። ብድሬን ያልመለሰልኝን ሰው ፍርድ ቤት ስከስሰው «ሱ» ነው፣ ተከትሎት የሚመጣው «ፎር»። ዐቃቤ ሕግ በስርቆት ሲከስ «ቻርጅ» ነው፣ የሚከተለው «ዊዝ»። ችሎት ሳንደርስ «አንተ ነህ ያደረግኸው» ስንባባል «አኪዩዝ»፣ ከዚያ «ኦፍ»። ፒዲኤፉ ሦስቱንም «ከሰሰ» ብሎ ተርጉሞ አልፏል። ይሄን ሸምድዶ «ባንኩ ሰውዬውን በብድር ቻርጅ አደረገው» የሚል ጠበቃ ብታገኙ አትፍረዱበት። እና እባካችሁ «ኤቪደንስ» ላይ «ኤስ» አትለጥፉ። ማስረጃዎች ስለምንል ነው፤ እዚያ ግን አይበዛም።

ሌላው ጉድ፣ የማን ሕግ እንደሆነ አይታወቅም። «ፈርስት ዲግሪ መርደር» የሚል አለበት፤ የአሜሪካ ፊልም ነው። የኛ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከአንቀጽ 539 ጀምሮ ከባድ የሰው ግድያ፣ ተራ የሰው ግድያ እያለ ነው የሚሄደው፣ የእንግሊዝኛው ቅጂም የሚለው «ሆሚሳይድ» ነው። «ፕሌይንቲፍ»ን የእንግሊዝ ፍርድ ቤት ቃል ብሎታል፤ እነሱ'ኮ እ.ኤ.አ. በ1999 «ክሌይማንት» ብለው ቀይረውታል።

ይሄ የናንተ ስንፍና ነው እያልኩ አይደለም። አምስት ዓመት ሙሉ ሕግን በእንግሊዝኛ ተማራችሁ፤ ከዚያ በፌዴራል ፍርድ ቤት በአማርኛ ተከራከራችሁ። በነጋሪት ጋዜጣም ሁለቱ ቅጂዎች ቢጋጩ የሚጸናው የአማርኛው ነው። ስለዚህ እንግሊዝኛው ጭንቅላታችሁ ውስጥ ቃል በቃል ቀርቷል፣ ዓረፍተ ነገር ሆኖ የሚወጣበት ቦታ አጣ። ነጋዴው የገባው በዚች ክፍተት ነው። የጎደላችሁ ዓረፍተ ነገር ሆኖ ሳለ ቃል ጨምሮ ይሸጥላችኋል። ለፈተናው የምትከፍሉት ገንዘብ ደግሞ በደሞዛችን ቀልድ አይደለም፤ ውጤቱም የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ብቻ ነው። በጽሑፍ ግማሽ ነጥብ ጎድሎባችሁ የማመልከቻው ቀን ሲያልፍ፣ ፒዲኤፍ ሻጩ ስልክ አያነሳም።

ምን እናድርግ ላላችሁኝ፦ የያዛችሁትን አንድ መዝገብ ውሰዱ። ስም አውጡና ምን እንደተፈጠረ፣ ማን ምን እንደጠየቀ፣ ዳኛው ምን እንዳለ፣ እናንተስ ትስማሙ እንደሆነ ሕግ ላልተማረች አክስታችሁ እንደምትነግሩ አድርጋችሁ በእንግሊዝኛ ጻፉት። በ40 ደቂቃ። «ኮሚት ኤ ክራይም»፣ «ሰርቭ ኤ ሴንተንስ»፣ «ብሬክ ዘ ሎው» የሚሉትን አብረው የሚሄዱ ቃላት እዚያው እየሠራችሁ ትይዟቸዋላችሁ። በሳምንት ሁለት፣ ለሁለት ወር።

የጻፋችሁትን በውስጥ መስመር ላኩልኝ፣ በነፃ አርማለሁ። «ናትዊዝስታንዲንግ» ካለበት ግን ከዚያ በታች አላነብም።