ማኅተም የሌለው የሥራ ልምድ

በምሠራበት የሶፍትዌር ድርጅት የአመልካቾችን ፋይል የማገላብጠው እኔ ነኝ። ዲግሪ፣ ስቱደንት ኮፒ፣ የአጫጭር ሥልጠና ሰርተፍኬት፤ ከአንዱ ፋይል ወደ ሌላው የሚለየው ስሙ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ማስታወቂያችን ደግሞ «2 ዓመትና ከዚያ በላይ የሥራ ልምድ» ይላል። ማንም ያልቀጠረው ልጅ ልምዱን ከየት ያምጣ?

ከክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ያምጣ እላለሁ። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፣ ማሻሻያ ማቅረብም የፈለገ ይችላል። ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የጤና ተቋሞቻችን ሪፖርት የሚያስገቡበት ዲኤችአይኤስ2 በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ነው፤ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠርም ያስተናግዳል። የእኛ ዓመት 13 ወር እንዳለው፣ ጳጉሜን አንዳንዴ 5 አንዳንዴ 6 ቀን እንደምትሆን ከልጅነቱ የሚያውቅ ሰው፣ ፕሮግራም ቀን ሲያሳስት ከማንም ቀድሞ ይነቃል።

ዋናው ትምህርት ግን ማስተካከያው ከተላከ በኋላ ነው የሚጀምረው። በአካል የማያውቁት ባለሙያ ኮዱን መስመር በመስመር ይተቸዋል። ይህ ለምን አስፈለገ? መሞከሪያው የታለ? ይሉኝታ የሚባል ነገር የለም። አርሞ መልሶ መላክ፣ ካላመኑበትም በጨዋ ደንብ መከራከር ነው። እኔ ከሰርተፍኬት ይልቅ ይህን ምልልስ ማንበብ እመርጣለሁ። ማስተካከያው ውድቅ ቢሆን እንኳ ልጁ ትችት እንዴት እንደሚቀበል አይበታለሁ።

«የነጻ ጉልበት ብዝበዛ ነው» የሚሉ አሉ። በከፊል እውነት አላቸው። ኢንተርኔት በገንዘብ ነው፣ ቤተሰብም ደመወዝ ይጠብቃል። ስለዚህ ዓመት ሙሉ በነጻ ሥሩ አልልም፤ በወጉ የተሠሩ ሁለት ሦስት ማስተካከያዎች ለእኔ ይበቁኛል። እ.ኤ.አ. በ2005 እንደተጀመረው የጉግል ሰመር ኦፍ ኮድ ያሉ፣ ለአዲስ ተሳታፊዎች የሚከፍሉ ፕሮግራሞችም አሉ።

የሚያስቸግረው የእኛው አሠራር ነው። የሥራ ልምድ ማለት ማኅተምና ፊርማ ያረፈበት ደብዳቤ ሆኗል። ደብዳቤው ሰውየው ከመቼ እስከ መቼ እንደተቀጠረ ይመሰክራል፤ ምን እንደሠራ ግን እንጃ! ብዙ ክፍት ምንጭ ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ ጊትሃብ ማኅተም ባይመታም ማን፣ መቼ፣ የትኛውን መስመር እንደለወጠ መዝግቦ ያስቀምጣል።

የሰው ሀብት ኃላፊዎች ሆይ፣ በሚቀጥለው የፕሮግራመር ማስታወቂያችሁ ከልምድ መጠየቂያው ቀጥሎ «ወይም በክፍት ምንጭ ፕሮጀክት ተቀባይነት ያገኘ ሥራ» የሚል ሐረግ ጨምሩበት።