አረጋውያንን መንከባከብ በአማን ቤቶች፦ ሥራው ሌላ፣ ውሉ ሌላ

በዮርዳኖስ ዋና ከተማ በአማን፣ በተለይም ባለጸጋ ቤተሰቦች በሚበዙባቸው እንደ ዓብዱን፣ ዳቡቅና ሱወይፊየህ ባሉ የምዕራብ ሰፈሮች፣ ኢትዮጵያውያን ሴቶች በየቤቱ ተቀጥረው መኖር ከጀመሩ ዓመታት ተቆጥረዋል። የሚጓዙበት ውል ሥራቸውን በአንድ ስም ይጠራዋል፤ የቤት ውስጥ ሥራ ይለዋል። በተግባር ግን ከመካከላቸው የአልጋ ቁራኛ የሆኑ እናቶችን የሚያገላብጡ፣ ለስኳር ሕሙማን መድኃኒት በሰዓቱ የሚሰጡ፣ የመርሳት በሽታ ያለባቸውን አባት በእኩለ ሌሊት ከደጅ የሚመልሱ ይገኛሉ። ይህ ወለል ከማጽዳትና ወጥ ከመሥራት የተለየ ሙያ ነው። የተለየ ሙያ መሆኑ በሥልጠናውም ሆነ በውሉ ላይ በግልጽ ካልሰፈረ ደግሞ ጉዳቱ በሠራተኛዋና በታማሚው ላይ እኩል ይወድቃል።

የፍላጎቱ ምንጭ

በዮርዳኖስ የአረጋውያን መኖሪያ ተቋማት ጥቂት ናቸው። ወላጅን ወደ ተቋም መላክም በኅብረተሰቡ ዘንድ ነውር ሆኖ ይታያል። ወላጆች ሲያረጁ ልጆች ሊያሳዩት ስለሚገባ ርኅራኄ የሚያስተምረው የሱረቱል ኢስራእ መልእክት በየቤቱ የታወቀ ነው። በሌላ በኩል በርካታ ዮርዳኖሳውያን በባሕረ ሰላጤው ሀገራት ተሰማርተው ይሠራሉ፤ በከተማዋ የቀሩት ልጆችም ቀናቸውን በሥራ ያሳልፋሉ። በዚህም ምክንያት የወላጅን ሐቅ የመጠበቁ ኃላፊነት የልጆቹ ሆኖ ሳለ፣ የዕለት ተዕለት ሥራው ከቤተሰቡ ጋር በምትኖር ተቀጣሪ እጅ ይገባል።

ሕጉና ሌሊቱ

ዮርዳኖስ በዚህ ዘርፍ ሕግ በማውጣት ከዐረብ ሀገራት ቀዳሚ ከሚባሉት አንዷ ናት። እ.ኤ.አ. በ2008 የሥራ ሕጓን አሻሽላ የቤት ሠራተኞችን በሕጉ ጥላ ሥር አስገብታለች፤ በ2009 ደግሞ ደንብ ቁጥር 90 ወጥቷል። ይህ ደንብ በ2011 ሲሻሻል የቀኑ የሥራ ሰዓት ከ10 ወደ 8 ዝቅ እንዲል ተደርጓል። ሳምንታዊ የዕረፍት ቀንና የሕመም ፈቃድ ተደንግገዋል፤ የሠራተኛን ፓስፖርት መያዝም በሕግ የተከለከለ ነው። ይሁን እንጂ ሁማን ራይትስ ዎች በዚያው ዓመት ባወጣው ሪፖርት ፓስፖርት መቀማት፣ ደመወዝ መከልከልና ከቤት እንዳይወጡ ማድረግ መቀጠላቸውን አመልክቷል። የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ በከፋላ ሥርዓት ከአሠሪዋ ጋር የተሳሰረ በመሆኑም አቤቱታ ማቅረብ በራሱ ሥራንና መጠለያን በአንድነት ለማጣት ሊያጋልጥ ይችላል።

የአረጋዊ እንክብካቤ በዚህ ላይ ሌላ ችግር ይጨምራል። ከአልጋ መነሣት የማይችል ሰው የአልጋ ቁስል እንዳይወጣበት በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ጎኑን መቀየር እንዳለበት የነርሲንግ ሙያ ያስተምራል። ሌሊትም ያው ነው። ሕጉ 8 ሰዓት ሲል ታማሚው 24 ሰዓት ይፈልጋል። በቤቱ ውስጥ ያለችው ተቀጣሪ አንድ ብቻ ከሆነች፣ ወይ ሕጉ ይጣሳል ወይ ታማሚው ይጎዳል። ብዙውን ጊዜ የሚጣሰው ሕጉ ነው፤ እንቅልፏን ያጣች ሠራተኛ በማግሥቱ የመድኃኒት መጠን ብትሳሳት ግን ጥፋቱ በእርሷ ላይ ይላከካል።

የሥልጠናው ልክ

ኢትዮጵያ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ የሚደረገውን የሥራ ጉዞ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2013 አግዳ፣ በ2018 መጀመሪያ እገዳውን አንሥታለች። በዚህ መካከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 923/2008 የሁለትዮሽ ስምምነትን የስምሪት መሠረት አድርጎ፣ ተጓዧ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ እንድትይዝ ደነገገ። ዮርዳኖስም ስምምነት ከተደረሰባቸው ሀገራት አንዷ ናት። ዛሬ ምዝገባው፣ ሥልጠናውና ስምሪቱ በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሥር ይመራሉ። ይህ ከቀድሞው የደላላ መንገድ ጋር ሲነጻጸር ትልቅ እርምጃ መሆኑ አያከራክርም።

የሚቀረው የሥልጠናው ይዘት ነው። በቴክኒክና ሙያ ተቋማት የሚሰጠው ትምህርት በዋናነት የቤት አያያዝን፣ የኤሌክትሪክ ዕቃዎችን አጠቃቀም፣ የዐረብ ምግብ አሠራርንና መሠረታዊ የቋንቋ ትምህርትን የሚያካትት ነው። አረጋዊን መንከባከብ በዚህ መካከል አንድ ርእስ ሆኖ ይነሣል እንጂ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ ወደ ውሉ አይሸጋገርም።

የፊሊፒንስ አሠራር እዚህ ላይ ትምህርት ይሰጣል። የዚያች ሀገር የቴክኒክና ሙያ ባለሥልጣን የቤት ሥራንና እንክብካቤን ሁለት የተለያዩ የብቃት ማረጋገጫዎች አድርጎ ለይቷቸዋል። የቤት ሥራ ሥልጠናው 218 ሰዓት ሲሆን፣ ለዓመታት ሲሠራበት የቆየው የእንክብካቤ ሥልጠና 786 ሰዓት ነበር። ልዩነቱ ከሦስት እጥፍ ተኩል በላይ ነው። ሁለት ማረጋገጫ መኖሩ ሁለት ውልና ሁለት የደመወዝ መነሻ ለመጠየቅ መሠረት ይሆናል።

ተንከባካቢዋ ማወቅ ያለባት

የረመዳን ወር ጥሩ ምሳሌ ነው። ኢንሱሊን የሚወስድ አረጋዊ በጾም ወቅት ለከፍተኛ አደጋ ከሚጋለጡት ይመደባል። ሸሪዓው ለታማሚና ለደካማ አረጋዊ ፈቃድ ቢሰጥም፣ ዕድሜ ልካቸውን የጾሙ ብዙ አባቶችና እናቶች ማፍጠርን አይቀበሉም። የስኳር ሕክምና ባለሙያዎች መመሪያ በደም ውስጥ ያለው የስኳር መጠን በዴሲሊትር ከ70 ሚሊግራም በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ ጾሙ ወዲያውኑ መፈታት አለበት ይላል። በዚያ ሰዓት ልጆች በሥራ ላይ ናቸው፤ በቤት ያለችው ተንከባካቢዋ ብቻ ናት። ላብ፣ መንቀጥቀጥና የንግግር መወላገድ ምን ማለት እንደሆኑ የምታውቅ ሴት ስኳር ያለው መጠጥ ትሰጣለች፤ ታማሚው ራሱን ከሳተ ደግሞ ምንም ነገር በአፉ ሳትጨምር ወደ 911 ትደውላለች። ያልሠለጠነች ግን ድካም መስሏት ልታስተኛው ትችላለች።

ቋንቋም እንዲሁ ነው። ከወሎ ወይም ከጅማ የምትሄድ ወጣት በመድረሳ ቁርኣን ቀርታ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ለፊደሉና ለድምፁ ይጠቅማታል። ነገር ግን የአማን አረጋውያን የሚያወሩት የሀገሩን የአነጋገር ዘዬ ነው። ሥልጠናው ስለ ድስትና ስለ መጥረጊያ የሚያስተምረውን ያህል ማዞርን፣ የደረት ውጋትን፣ ትንታንና የሽንት መቋጠርን የሚገልጹ ቃላትን ማስተማር ይኖርበታል።

ሌላው የሰውነት ንጽሕና ጉዳይ ነው። ውዱእ ለማድረግ ውኃ ለማይስማማው ታማሚ ተየሙምን ማመቻቸት፣ በአልጋው ላይ ወደ ቂብላ ማዞር ሙስሊም ተንከባካቢ በቀላሉ የምትወጣው አገልግሎት ነው። ወንድ አረጋዊን ማጠብ ግን የዐውራን ድንበር የሚነካ በመሆኑ፣ ለእርሷም ለታማሚውም የኀፍረትና የጭንቀት ምንጭ ይሆናል። ይህን በር ዘግቶ ለብቻዋ እንድትወስነው መተው አይገባም። የምትንከባከበው ሰው ጾታ፣ ዕድሜና የጤና ሁኔታ ከጉዞ በፊት በውሉ ላይ ሊሰፍር፣ ወንድ ታማሚን የማጠቡ ሥራም ከቤተሰቡ ወንዶች ለአንዱ ሊሰጥ ይገባል።

ወጪው የማን ነው?

በአዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት ቪዛን፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርትን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድን እንዲሁም ኢንሹራንስን አሠሪው ይሸፍናል። የፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራና የብቃት ማረጋገጫ ወጪ ግን የሠራተኛዋ ነው። ለአጭር የቤት ሥራ ሥልጠና ይህ ክፍፍል ያስኬድ ይሆናል። ለወራት የሚዘልቅ የእንክብካቤ ሥልጠና ቢታሰብ ግን ወጪውን የገጠር ቤተሰብ በብድር ሸፍኖ ጥቅሙን የአማን ቤተሰብ ያገኛል ማለት ነው። በዕዳ የተጓዘች ሴት ደግሞ በደል ሲደርስባት ውሏን ለማቋረጥ አትደፍርም።

ስለዚህ መፍትሔው ሥልጠናውን ማስረዘም ብቻ አይደለም። በመጀመሪያ፣ ሁለቱ ሀገራት በሚያጸድቁት ውል ላይ የአረጋዊና የታማሚ ተንከባካቢ የሚል የተለየ የሥራ መደብ ከራሱ የደመወዝ መነሻ ጋር ሊሰፍር ይገባል። በሁለተኛ ደረጃ፣ ተጨማሪው ሥልጠና በዚህ መደብ የሚቀጥረው አሠሪ በኤጀንሲው በኩል በሚከፍለው ገንዘብ መሸፈን አለበት። በሦስተኛ ደረጃ፣ የሥልጠናው አንድ ክፍል ከደረሰች በኋላ በአማን፣ ከታማሚው ሐኪምና ከቤተሰቡ ጋር ሊሰጥ ይገባል፤ የእያንዳንዱ ታማሚ መድኃኒት የሚታወቀው እዚያ ነውና። የሌሊት እንክብካቤ የሚሻ ታማሚ ያለበት ቤት ደግሞ ሁለተኛ ሰው እንዲያዘጋጅ በውሉ ላይ ግዴታ መሆን ይኖርበታል።

ለአማን ቤተሰቦች ይህ ተጨማሪ ወጪ ሊመስል ይችላል። ሆኖም ወላጅን በአደራ መስጠት አደራ ተቀባዩን ማስተማርንና ማሳረፍን ይጨምራል። ለኢትዮጵያውያኑ ሴቶችም የእንክብካቤ ሙያ ከውል ማብቂያ በኋላ ይዘውት የሚመለሱት ሀብት ነው። አዲስ አበባም፣ ደሴም፣ ጅማም የሚያረጁ ወላጆች አሏቸው፤ ከአማን በብቃት ማረጋገጫና በልምድ የተመለሰች ተንከባካቢ በሀገሯም የሚፈልጋት ሥራ ይኖራል።