የትኛውን ሒሳብ ልውሰድ?

ነሐሴ ሲጋመስ ስልኬ ይበዛል። እዚህ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያሉ ዘመዶቼ፣ የዘመዶቼ ጎረቤቶች፣ አንዳንዴም ስማቸውን የማላውቃቸው ሰዎች ይደውላሉ። የጤናውና የቤተሰቡ ሰላምታ ካለቀ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ግን ያው ነው፤ «ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ልመዘገብ ነው፤ የትኛውን ሒሳብ ልውሰድ?» እኔም መልሼ «ምን ልትማሪ ነው?» እላለሁ። «ነርሲንግ ይመስለኛል። ለማንኛውም ከሥር ልጀምርና መሠረቴን ላጠንክር።»

ይህች «ከሥር ልጀምር» የምትባል ነገር ትሕትና ትመስላለች። ዋጋዋ ግን ከባድ ነው። ከኮሌጅ ደረጃ በታች ያሉት የሒሳብ ኮርሶች ገንዘብ ይከፈልባቸዋል፤ ለዲግሪ ግን አይቆጠሩም። ፔል ግራንት የሚባለውን የመንግሥት ዕርዳታ የሚያገኝ ተማሪም ቢሆን ዕርዳታው ማለቂያ አለው፤ በዕድሜ ዘመን ከ12 ሙሉ ሴሚስተር አይበልጥም፣ ለእነዚህ ዝቅተኛ ኮርሶች የሚፈቀደውም 30 ክሬዲት ብቻ ነው። ከገንዘቡ በላይ የሚጎዳው ደግሞ የደረጃው ብዛት ነው። እስቲ አብረን እናስላ። 100 ሰው ከኮሌጅ ሒሳብ ሦስት ደረጃ ዝቅ ብሎ ጀመረ እንበል፤ በየኮርሱ ከመቶ ሰባው ያልፋል፣ ያለፈውም ሁሉ ሳያቋርጥ ይቀጥላል። ከመጀመሪያው 70 ይተርፋል፣ ከሁለተኛው 49፣ ከሦስተኛው 34፣ የኮሌጁን ሒሳብ ራሱን የሚያልፈው 24 ሰው ነው። በእውነቱ ዓለም ደግሞ በየመሀሉ ልጅ ይወለዳል፣ የሥራ ሰዓት ይቀየራል፣ አገር ቤት ሰው ይታመማል። አልፎም የማይመለስ ብዙ ነው።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። በኒውዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ሥር ባሉ ሦስት ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች የተደረገ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት አለ። የምደባ ፈተናው «ዝቅተኛ አልጀብራ ያስፈልጋችኋል» ያላቸውን ተማሪዎች በዕጣ ሦስት ቦታ ከፈሏቸው። አንዱ ቡድን የተባለውን አልጀብራ ወሰደ፤ ሁለተኛው ያንኑ አልጀብራ ከሳምንታዊ የድጋፍ ክፍለ ጊዜ ጋር ወሰደ፤ ሦስተኛው አልጀብራውን ዘሎ በቀጥታ የኮሌጅ ስታቲስቲክስ ገባ፣ እሱም ከድጋፉ ጋር። ከመጀመሪያው ቡድን 39 በመቶ ያህሉ አለፉ፣ ከሁለተኛው 45፣ ከሦስተኛው 56። ስታቲስቲክስ የገቡት በልጠው አለፉ፤ ያለፉትም የሚቆጠር የኮሌጅ ክሬዲት ይዘው ወጡ።

ሕግ አውጪዎቹም ይህን ሐሳብ ተከትለዋል። ካሊፎርኒያ በ2017 ባወጣችው ሕግ ኮሌጆቿ ተማሪውን በአንድ ዓመት ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ደረጃ ሒሳብ እንዲጨርስ አድርገው እንዲመድቡት አዘዘች፤ ቴክሳስም በዚያው ዓመት የድጋፍ ኮርሱ ከዋናው ጎን ለጎን እንዲሰጥ የሚያስገድድ ሕግ አጸደቀች። እኛ ያለንበት ቨርጂኒያም በዚሁ መንገድ ሄዳለች። ኤምቲኤች 154 የሚባለውን ኳንቲቴቲቭ ሪዝኒንግ የሚወስድ ተማሪ አቅሙ የሚያሠጋው ከሆነ በዚያው ሴሚስተር የድጋፍ ክፍል ይጨመርለታል። ይህን ድጋፍ «ደካማ ነህ» እንደተባሉ ቆጥረው የሚሸሹ የእኛ ልጆች አውቃለሁ። ስድብ አይደለም። ዋናውን ኮርስ የሚያሳልፍ ተጨማሪ ሰዓት ነው።

ከሥር መጀመር ለሚወዱት ደግሞ የማስታውሳቸው ነገር አለ። አገር ቤት 12ኛ ክፍል የጨረሰ ሰው የሒሳብ መጽሐፉ ውስጥ ሊሚት፣ ዴሪቬቲቭና ኢንቴግራል ነበሩበት። የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ እንኳ ካልኩለስ ቀምሶ፣ ስታቲስቲክስና የንግድ ሒሳብ ጨምሮ ነው የወጣው። እንዲህ ያለ ሰው እዚህ መጥቶ፣ አሥር ዓመት እስክሪብቶ ሳይዝ፣ ከሌሊት ፈረቃ ወጥቶ ሳይዘጋጅ ኮምፒዩተር ፊት ይቀመጥና ይፈተናል። ከሒሳቡ በፊት የጥያቄው እንግሊዝኛ ይጥለዋል። ውጤቱም የተረሳውን እንጂ የማያውቀውን አያሳይም። ስለዚህ ኮሌጁ ፈተና የሚሰጥ ከሆነ ሁለት ሦስት ሳምንት ሳትከልሱ አትቀመጡ። አሌክስ የሚባለው ፈተና ራሱ መለማመጃ አለው፣ ደግሞ መፈተንም የሚፈቅዱ ኮሌጆች ብዙ ናቸው። ትራንስክሪፕታችሁንም ይዛችሁ ቅረቡ፤ በፈተና ፈንታ የሁለተኛ ደረጃ ውጤት የሚቀበል ኮሌጅ አለና።

አሁን ወደ ወላጆች ልምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ ነው። የእኛ ቤት በሽታ ሁለት መልክ አለው። ትልቁ ሰው ራሱን ዝቅ ሲያደርግ፣ ልጁን ደግሞ ሰማይ ላይ ይሰቅለዋል። «የእገሌ ልጅ ካልኩለስ ወሰደ» ከተባለ የእኛም መውሰድ አለበት። ለምን? ኢንጂነሪንግ ወይም ኮምፒዩተር ሳይንስ ለሚማር ልጅ ኤምቲኤች 263፣ ማለትም ካልኩለስ አንድ፣ የግድ ነው። ቢዝነስ የሚማር ልጅ ግን በብዙ ዩኒቨርሲቲ የሚጠየቀው ቀለል ያለው አፕላይድ ካልኩለስ ነው። በነርሲንግ ባችለር የሚፈለገው አብዛኛውን ጊዜ ስታቲስቲክስ ነው፤ ነርሷ ጥናት ስታነብ የምትጠቀመው ይህንኑ ነው። ሶሻል ወርክ ወይም ታሪክ የምትማር ልጅ ካልኩለስ ገብታ ኤፍ ብታመጣ ለማን ጠቀማት? ለቡና ላይ ወሬ እንኳ አይሆንም።

ከታችኛውም ከላይኛውም ስህተት የሚያድነው ከመጨረሻው ወደ ኋላ መቁጠር ነው። ኮሚዩኒቲ ኮሌጁ የሚጠይቀውን ብቻ አትዩ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ልትዛወሩበት የምታስቡት ዩኒቨርሲቲ ለዚያ ሜጀር የትኛውን ሒሳብ እንደሚቀበል ዩኒቨርሲቲውን ራሱን ጠይቁ። ኳንቲቴቲቭ ሪዝኒንግ ጥሩ ኮርስ ነው፤ ወደ ካልኩለስ ግን አያደርስም። እሱን ወስዶ በኋላ ሐሳቡን ወደ ኮምፒዩተር የቀየረ ሰው ወደ ፕሪካልኩለስ ተመልሶ ነው የሚጀምረው። በቴክኖሎጂና በሌላ ሙያ መካከል ለምታመነቱ፣ እኔ ብሆን ፕሪካልኩለሱን እመርጥ ነበር።

ደግሞ «ዝለሉ» ማለቴ ለሁሉም አይደለም። ካሊፎርኒያ በ2022 በጨመረችው ሕግ የሳይንስና የኢንጂነሪንግ ተማሪዎችም በቀጥታ ወደ ካልኩለስ እንዲገቡ መገፋታቸውን ብዙ የሒሳብ መምህራን ተቃውመዋል፤ እኔም ከመምህራኑ ጋር ነኝ። ፍራክሽን ማቃለልና እኩልታ መፍታት እጁ ላይ የሌለ ልጅ ካልኩለስ ውስጥ የሚወድቀው በካልኩለሱ ሳይሆን በአልጀብራው ነው። ለስታቲስቲክስ የሠራው ለኢንጂነሪንግ ይሠራል ማለት አይቻልም።

ትክክለኛው ኮርስ ከተገኘም በኋላ የሚቀረው ትልቁ እንቅፋት ይሉኝታ ነው። በ1970ዎቹ ዩሪ ትራይስማን የተባለ የሒሳብ ሰው በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ካልኩለስ የሚወስዱ ጥቁር አሜሪካውያንንና የቻይና ዝርያ ያላቸውን ተማሪዎች ተከታተለ። ጥቁሮቹ ተማሪዎች ሰነፎች አልነበሩም፤ ግን ለብቻቸው ያጠናሉ፣ ሲቸግራቸውም ለብቻቸው ይቸገራሉ። ቻይናውያኑ ማታ ማታ ተሰብስበው የቤት ሥራቸውን ያመሳክራሉ፣ አንዱ የሌላውን ስህተት ያርማል። ትራይስማን ከዚህ ተነሥቶ ተማሪዎች በቡድን ከባድ ከባድ ጥያቄ የሚሠሩበት ፕሮግራም አቋቋመ፤ የተሳተፉት ጥቁር ተማሪዎች ውጤትም በግልጽ ተሻሻለ። ልብ በሉ፣ ያቀረበላቸው የቀለለ ሒሳብ አልነበረም።

እኛ ብቻችንን የምናጠና ሰዎች ነን። መምህር ቢሮ ሄዶ «አልገባኝም» ማለት ያሳፍረናል፤ የምንሄደውም ሁለተኛው ፈተና ከወደቅን በኋላ ነው። የኮሌጁ ቱተሪንግ ሴንተር ግን ስትገቡ አዲስ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሂሳቡን ከትምህርት ክፍያችሁ ጋር ከፍላችኋል። በመጀመሪያው ሳምንት ሂዱ። ባዶ እጅ አትሂዱ፤ የሞከራችሁትን ወረቀት ይዛችሁ «እስከዚህ ደረስኩ፣ እዚህ ላይ ቆምኩ» በሉ። የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ሰው ማታ በኢንተርኔት የሚሰጥ እርዳታ መኖሩን ይጠይቅ፤ ብዙ ኮሌጆች አላቸው። እዚያው ክፍል ውስጥ ሁለት ሰው ፈልጋችሁም ስልክ ተለዋወጡ፤ ሐበሻ መሆን የለባቸውም።

ይህን ኮርስ ትናንት ያለፋችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ሁለት ሰዓት ስጡ። የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ አለ፣ የመስጊዱ ክፍል አለ፣ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱም ክፍል በነፃ ያስይዛል። አዲስ የመጣውን ሰው ከጎናችሁ አስቀምጡት። የተመዘገባችሁትም፣ የመረጣችሁት ሒሳብ የእናንተ መሆኑን ከተጠራጠራችሁ፣ ገንዘብ የሚመለስበት ቀን ሳያልፍ ነገ ጠዋት አድቫይዘራችሁ ጋ ደውሉ።