የሶላቶ ልጅ ማን ተብሎ ይጠራ?

እናንተዬ፣ ጭፍራ ገበያ የገባ እንግዳ ከዳጉ አያመልጥም። የሰማውንና ያየውን ይናገራል፤ ቀጥሎ የማን ልጅ እንደሆነ ይጠየቃል። በአፋር ጎሳ የሚቆጠረው በአባት ነው። የደጋውም ሰው ቢሆን ያለ አባት ስም አይጠራም። ታዲያ አባቱ ጥሎት የሄደ ጣሊያን የሆነ ሰው ምን ይመልስ? ዛሬ መልሱን በዲኤንኤ ምርመራ የሚፈልጉ የልጅ ልጆች አሉ።

ጣሊያን ቅኝ ግዛቱን የጀመረው በዚሁ በአፋር ምድር፣ አሰብ ላይ ነው። በ1869 (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው) ሳፔቶ የሚባል ሰው ለሩባቲኖ የመርከብ ኩባንያ ቦታውን ገዛ፤ በ1882 የመንግሥት ቅኝ ግዛት ሆነ። ከ1936ቱ ወረራ በኋላ ደግሞ ወታደሩ፣ ሾፌሩና ሠራተኛው አገሩን ሞላው። ክልስ ልጆች ተወለዱ።

የአባትየው ስም የጠፋው ግን እንዲያው በአጋጣሚ እንዳይመስላችሁ። በ1937 የወጣ ሕግ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረን ጣሊያናዊ ከ1 እስከ 5 ዓመት ያሳስር ነበር። የ1940ው ባሰ፦ አባት ልጁን እንዳይቀበል፣ ልጅም የአባቱን ስም እንዳይዝ ከለከለ። ብዙ እናቶች ለልጃቸው የራሳቸውን አባት ስም ሰጥተው አሳደጉ።

ምራቅ ይህን ይመልሳል? በከፊል። የጣሊያን ልጅ ግማሹን፣ የልጅ ልጅ ሩቡን፣ የልጅ ልጅ ልጅ ስምንተኛውን ያህል ይይዛል። ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚሄደው ዋይ ክሮሞዞም ደግሞ ሴት ልጅ ላይ ሲደርስ ይቆማል። መቶኛው ስም አይሆንም፤ ስም የሚገኘው ከዚያ ቤተሰብ አንድ ሰው ከተመረመረ ነው። ስለዚህ መመርመር ካለበት ጎረምሳው ሳይሆን ከሰማንያ ዓመት በላይ የሆናቸው እማማና አባባ ናቸው፤ እነሱ ከፈቀዱ! ሁሉም የፍቅር ታሪክ አልነበረምና «የሶላቶ ልጅ» እየተባለ ያደገ ሰው ቁስሉን አልነካም ቢል መብቱ ነው። መጀመሪያ እናቱ የነገረችውን እንጠይቀው፦ ሰውየው ምን ተብሎ ይጠራ ነበር? ሥራውስ? ሰፈሩስ የት ነበር? ይህ ገንዘብ አያስወጣም። የኩባንያዎቹንም ነገር አይተናል፤ ትዌንቲ ስሪ ኤንድ ሚ በ2023 የ6.9 ሚሊዮን ሰዎች መረጃ ተዘርፎበት በ2025 ኪሳራ አወጀ።

ወሬው መጨረሻ ላይ ፓስፖርት ጋ መድረሱ አይቀርም (እኛም ሰው ነን)። የምርመራ ወረቀት ብቻውን ዜግነት አያሰጥም፤ አባትነቱ በሕግ መጽደቅ አለበት። በዚያ ላይ ጣሊያን በግንቦት 2025 ባጸደቀችው ሕግ በትውልድ የሚገኘውን ዜግነት በአመዛኙ በወላጅና በአያት ገድባዋለች። አባት እንዳይፈርም በሕግ የከለከለ አገር ዛሬ ትውልድ ቆጥሮ «ዘገያችሁ» ሲል አንቀበልም። ቆጠራው ለእነዚህ ቤተሰቦች የ1940ውን ክልከላ ያስብ፤ የዲኤንኤውም ማስረጃ ከእናትየው ቃል ጋር ችሎት ፊት ይታይ።