መርምሮ የሚጽፍ ጋዜጠኛ እንዴት ይመረጣል?

ወሬ መንገርና ነገር መመርመር አንድ ሥራ አይደለም። ወሬ ነጋሪው ዛሬ የሆነውን ለዛሬ አንባቢ ያቀርባል፤ መርማሪው ግን የተሰወረውን ነገር ከመዝገብ፣ ከውልና ከምስክር ቃል እያገናኘ ብዙ ወራት ደክሞ በማስረጃ ያቆመዋል። የመጀመሪያውን ሥራ በየጋዜጣው ቤት ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ ሁለተኛውን የሚያውቁት ግን ጥቂቶች ናቸው፤ ጊዜና ገንዘብ የሚፈጅ፣ አስተማሪም የሚያሻው ሥራ ነውና። ስለዚህ በዛሬው ዘመን በልዩ ልዩ የዓለም ክፍል የጎረቤት አገሮች ጋዜጠኞች ተመርጠው ይህን ጥበብ በሥራ ላይ የሚማሩበት፣ ፌሎሺፕ የተባለ ሥርዐት ተቋቁሟል። ከነዚህም አንዱ በደቡባዊ አፍሪቃ የታየው ነው። ይህ ሥርዐት ማመልከቻ ለሚያቀርበው ጋዜጠኛ ብቻ ሳይሆን፣ ለሚያሠራው አዘጋጅና ለሚመረመረው ሹም ጭምር የሚነግረው ቁም ነገር ስላለ፣ ሊታሰብበት የተገባ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተነገረው ዘመን ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ነው።

በ2010 ዓ.ም. ስቴፋንስ ብሩመርና ሳም ሶል የተባሉ ሁለት የደቡብ አፍሪቃ ጋዜጠኞች አማቡንጋኔ የተባለውን የምርመራ ጋዜጠኝነት ማእከል አቋቋሙ። ስሙ በዙሉ ቋንቋ እበት የሚያንከባልሉ ጢንዚዛዎች ማለት ነው። ይህ ትንሽ ፍጥረት ሰው የሚጸየፈውን ቆፍሮ ይገባበታል፤ ነገር ግን በሥራው ምድሪቱ ትለመልማለች። መሥራቾቹም ስሙን የመረጡት ለሥራቸው ምሳሌ እንዲሆን ነው። ማእከሉ በመጀመሪያ ሜይል ኤንድ ጋርዲያን በሚባለው ጋዜጣ ጥላ ሥር ነበረ፤ በ2016 ዓ.ም. ግን ራሱን ችሎ ወጣ።

በ2017 ዓ.ም. ከዴይሊ ማቭሪክ ጋዜጠኞች ጋራ ሆኖ ከ100,000 በላይ የሚሆኑ የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤዎችን መርምሮ፣ ጉፕታ የተባሉ ነጋዴ ወንድማማቾች በመንግሥት ኩባንያዎች ውልና በሹመት ጉዳይ እጃቸውን እንዴት እንዳስገቡ ለሕዝብ አቀረበ። ነጋዴዎቹም፣ በዚያን ጊዜ ፕሬዚዳንት የነበሩት ጃኮብ ዙማም፣ ጥፋት አልሠራንም ሲሉ ካዱ። ፕሬዚዳንቱ በ2018 ዓ.ም. ከሥልጣን ወረዱ፤ በዳኛ ሬይመንድ ዞንዶ የሚመራው መርማሪ ኮሚሲዮንም በዚያው ዓመት ምስክር መስማት ጀምሮ፣ ያገኘውን ሁሉ በ2022 ዓ.ም. በጽሑፍ አወጣ።

ይህ ማእከል ያወቀውን ለብቻው ይዞ አልቀረም። ከደቡባዊ አፍሪቃ አገሮች ጋዜጠኞችን እየመረጠ፣ ጥቂት ወራት ከባልደረቦቹ ጋራ እንዲሠሩ አደረገ። ተመራጩ የሚቀበለው ትምህርት በወንበር ተቀምጦ የሚሰማ ብቻ አይደለም፤ ጉዳይ ይዞ እየመረመረ ልምድ ካላቸው ሰዎች ጋራ ይውላል፤ የጻፈውም እያንዳንዱ ቃል፣ ይህን በምን አወቅህ? እየተባለ ይጠየቃል። በቅኔ ቤት ያደገ ሰው ይህ ሥርዐት እንግዳ አይሆንበትም። ደቀ መዝሙሩ ቅኔውን ይዞ በመምህሩ ፊት ሲቆም፣ የተበላሸው ቤት በጓደኞቹ መካከል ይነቀፍበታል፤ በዚያ የሚያፍር ሰው በጉባኤ ፊት ከማፈር ይድናል። የመርማሪውም ጽሑፍ እንዲሁ ወደ ሕዝብ ሳይወጣ በፊት ባልንጀሮቹ ሊያፈርሱት ይሞክራሉ፤ ሊፈርስ ያልቻለው ይታተማል። ዛሬ በቦትስዋና፣ በሌሶቶ፣ በኤስዋቲኒና በማላዊ ይህን የመሰሉ የምርመራ ማእከሎች ተቋቁመው ይገኛሉ፤ ጥበቡ ከአንድ ከተማ ወደ ጎረቤት እየተላለፈ መሄዱ በዚህ ይታወቃል።

እንግዲህ እንዲህ ባለው ጥሪ ላይ ማመልከቻ የሚያቀርብ ሰው የሚመዘነው በምንድር ነው? አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቀው፣ ቀድሞ የጻፋቸውን ጽሑፎች፣ የሚያሠራው አዘጋጅ የሰጠውን የድጋፍ ደብዳቤ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሊመረምር ያሰበውን ጉዳይ በጽሑፍ ማቅረብ ነው። ብዙ ሰው የሚወድቀውም በዚህ በመጨረሻው ነው። አንዳንዱ አመልካች ስለ ጀግንነቱና ለአገሩ ስላለው ፍቅር ብዙ ገጽ ይሞላል፤ የዲፕሎማውን ብዛት ይቈጥራል፤ ሊመረምር ስላሰበው ነገር ግን፣ በአገራችን ጉቦ ስለ በዛ ጉቦን ለመመርመር እፈልጋለሁ ብሎ በአንድ መሥመር ያልፋል። ይህ ቃል እውነት ሊሆን ይችላል፤ ዳሩ ግን እሮሮ ነው እንጂ ምርመራ አይደለም።

ሌላው አመልካች ግን እንዲህ ሲል ይጽፍ ይሆናል፤ በአንድ አውራጃ ለሚሠራ ድልድይ ገንዘቡ ሁሉ ተከፍሏል፤ ድልድዩ ግን አልቆመም። ጨረታውን ያሸነፈው ኩባንያ ባለቤት ማን እንደ ሆነ ከንግድ መዝገብ ይገኛል፤ ክፍያው በማን ፊርማ እንደ ወጣ የሒሳብ ሰነድ ያሳያል፤ ድልድዩ የደረሰበትን ደረጃ ሄዶ በዓይን ማየት ይቻላል፤ ሥራው የተቋረጠው በጎርፍ ወይም በዕቃ መወደድ ከሆነ ጥርጣሬው ይወድቃል። የሁለቱ ልዩነት ለማንም የተገለጠ ነው። ሁለተኛው ምን እንደሚፈልግ፣ የት እንደሚፈልግ፣ ከዚያም በላይ የገዛ ጥርጣሬው በምን ሊሻር እንደሚችል ያውቃል። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት የተባለው ለእንዲህ ያለው ሰው ነው።

የሚመረመረውን ሰው ክብር የሚጠብቀውም ይኸው የመጨረሻው ነገር ነው። ጥርጣሬው ሊሻር የሚችልበትን መንገድ አስቀድሞ ያልጻፈ ጋዜጠኛ መርማሪ መስሎ ከሳሽ ይሆናል፤ የሚሰበስበውም አስቀድሞ በልቡ ለፈረደው ፍርድ የሚስማማውን ብቻ ነው። ሕግ ከሁለትና ከሦስት ምስክር በታች እንዳይፈረድ ማዘዙ፣ የሰው ስም ከጠፋ በኋላ በቀላሉ የማይመለስ ስለ ሆነ ነው። ስለዚህ መራጮች የአመልካቹን ድፍረት ከመመዘን በፊት ጥንቃቄውን ቢመዝኑ፣ ለጋዜጣውም ለሕዝቡም ይበጃል።

ትምህርቱ በአንድ አገር ሳይወሰን ለጎረቤት አገሮች ሁሉ መሆኑ ስለ ምንድር ነው? የሚል ቢኖር፣ በናሚቢያ የሆነው ነገር መልስ ይሰጠዋል። በ2019 ዓ.ም. መጨረሻ ሳምሄርጂ የተባለው የአይስላንድ ኩባንያ በናሚቢያ ባሕር ዓሣ የማጥመድ ፈቃድ ያገኘበትን መንገድ የሚያሳዩ ብዙ ሰነዶች ለሕዝብ ታተሙ። ሰነዶቹ የወጡት የኩባንያው ሠራተኛ ከነበረ ሰው ነው፤ ነገሩንም የአይስላንድ ጋዜጠኞችና ሌሎችም በኅብረት መረመሩት። የዓሣ ሀብት ሚኒስትሩና የፍትሕ ሚኒስትሩ ወዲያው ሥራቸውን ለቀቁ፤ በኋላም ታስረው ለፍርድ ቀረቡ፤ ክሱን ግን ክደዋል። ኩባንያውም ጉቦ አልሰጠሁም ብሏል። ፍርዱ የዳኞች ነው፤ የምርመራው መንገድ ግን ለሁሉም ትምህርት ይሆናል። ዓሣው በአፍሪቃ ባሕር ይጠመዳል፤ ኩባንያው በሰሜን ኤውሮጳ ደሴት ተመዝግቧል፤ ገንዘቡም ከአገር ወደ አገር ያልፋል። በአንድ ከተማ ተቀምጦ የአንድ አገር መዝገብ ብቻ የሚያገላብጥ ሰው የነገሩን ጭራ ቢያይ ራሱን አያይም። ገንዘብ ድንበር ሲሻገር ምርመራው በድንበር ላይ የቆመ እንደ ሆነ፣ ድንበሩ የሚጠቅመው ለሌባው ብቻ ነው።

ከዚህም የሚበልጥ ሌላ ምክንያት አለ። በሞዛምቢክ ሜቲካል የተባለውን ትንሽ ጋዜጣ ያዘጋጅ የነበረው ካርሎስ ካርዶዞ፣ ከአንድ ባንክ ስለ ጠፋው 14 ሚሊዮን ዶላር ሲመረምር ሳለ በኖቬምበር 22 ቀን 2000 ዓ.ም. በማፑቶ መንገድ ላይ በጥይት ተገደለ። በ2003 ዓ.ም. ስድስት ሰዎች በዚህ ነፍስ ግድያ ተፈረደባቸው። ብቻውን የሚመረምር ሰው የያዘው ምስጢር ሁሉ በእርሱ ራስ ውስጥ ነውና፣ ክፉ ሰው እርሱን በማጥፋት ነገሩን ያጠፋሁ ይመስለዋል። ሰነዱ በሦስትና በአራት አገር ባሉ ባልንጀሮች እጅ የሚገኝ እንደ ሆነ ግን፣ አንዱን መግደል ሌሎቹን ዝም አያሰኝም፤ የመግደሉም ምክንያት ይደክማል። ስለዚህ እንዲህ ያለው ትምህርት ከሚሰጠው ጥቅም ሁሉ ምናልባት የሚበልጠው ጓደኝነቱ ነው።

ነገር ግን ትምህርቱ ጥቂት ወራት ነው፤ ተማሪውም ወደ አገሩ ይመለሳል። ፈተናውም ያን ጊዜ ይመጣል። በማላዊ የምርመራ ማእከል ይመራ የነበረው ግሪጎሪ ጎንድዌ በኤፕሪል 2022 ዓ.ም. ፖሊስ ይዞት፣ ያተመውን የምስጢር ሰነድ ማን እንደ ሰጠው እንዲናገር ተጠየቀ፤ ስልኩና የሥራ መሣሪያውም ተወሰደበት፤ ከጥቂት ሰዓቶች በኋላ ተለቀቀ። በደቡብ አፍሪቃም በ2023 ዓ.ም. አንድ የንግድ ኩባንያ፣ አማቡንጋኔ የያዘውን ሰነድ እንዲመልስ የሚያዝዝ ፍርድ በስውር፣ ሌላው ወገን ሳይሰማ አውጥቶ ነበር። ትእዛዙ በሚቀጥለው ወር በዚያው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ተሻረ፤ ጋዜጠኛ ምስጢር ለሰጠው ሰው የገባውን ቃል መጠበቁም ተከበረለት። እነዚህ ሁለት ነገሮች ጐን ለጐን ሲታዩ፣ የተማረውን ሰው የሚጠብቀው የተማረው ትምህርት ብቻ ሳይሆን የሚመለስበት አገር ዳኝነት እንደ ሆነ ያስረዳሉ።

ስለዚህ አዘጋጁ የሚጽፈው የድጋፍ ደብዳቤ እንደ ተራ ወረቀት ሊቈጠር አይገባም። ሠራተኛውን ሲሸኝ፣ ጽሑፉን አትማለሁ፤ ነገሩም ቢከብድ ከኋላው እቆማለሁ ብሎ መፈረሙ ነው። ይህን ለማድረግ የማይደፍር አዘጋጅ ደብዳቤውን ባይጽፍ ይሻላል፤ ሰውን አስተምሮ ለብቻው ከመጣል አለማስተማር ይቀላልና።

በዚህ ነገር ላይ የሚነሣ አንድ ተገቢ ተቃውሞ አለ፤ ይኸውም የዚህ ትምህርት ገንዘብ ከባዕድ እጅ የሚመጣ ከሆነ፣ የሚመረመረው ነገር የሰጪውን ፈቃድ ይከተላል የሚለው ነው። ጥያቄው በንቀት ሊታለፍ አይገባውም። አማቡንጋኔ ከመንግሥትና ከነጋዴ ኩባንያ ርዳታ እንዳይቀበል ለራሱ ሕግ አውጥቷል፤ የሚኖረውም በርዳታ ድርጅቶችና ከሕዝብ በሚዋጣ ገንዘብ ነው። በጃንዋሪ 2025 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ለውጭ አገር የሚሰጠውን ርዳታ ባቆመ ጊዜ፣ በልዩ ልዩ አገር ብዙ የጋዜጣ ሥራ ቤቶች መቸገራቸው፣ ከአንድ እጅ ብቻ የሚጐርስ ሰው ያ እጅ ሲታጠፍ እንደሚራብ አሳይቷል። እንግዲህ አስተዋይ አመልካች፣ ማን ይከፍላል? ጽሑፉን ከመታተሙ በፊት የሚያይ ሰጪ አለ ወይ? ብሎ አስቀድሞ ቢጠይቅ ነውር አይደለም፤ የሌላውን ሒሳብ ለመመርመር የሚነሣ ሰው የገዛ እንጀራውን ምንጭ ማወቅ ይገባዋልና። አንባቢም ደግሞ የሰጪውን ስም ሰምቶ ብቻ ከመፍረድ ይልቅ የቀረበውን ማስረጃ ይመልከት፤ እውነተኛ ሰነድ ከማንም እጅ ቢመጣ እውነተኛ ነው፤ ሐሰተኛውም እንዲሁ።

ለሹማምንትም የሚቀርብ ቃል አለ። መርማሪ ጋዜጠኛ ወደ መሥሪያ ቤት መጥቶ መዝገብ ሲጠይቅ፣ በሩን መዝጋት የሚቀልል ይመስላል። ደቡብ አፍሪቃ በ2000 ዓ.ም. ባወጣችው ሕግ ማንም ሰው የመንግሥትን መዝገብ ለማየት እንዲጠይቅ፣ ሹሙም የማይሰጥበትን ምክንያት እንዲያስረዳ ደንግጋለች። የዚህ ሕግ ጥበብ ለጋዜጠኛው ብቻ አይደለም። መዝገቡን ያየ ጋዜጠኛ ከሳተ በመዝገቡ ይረታል፤ መዝገብ የተከለከለ ግን ወሬ ለቃቅሞ ይጽፋል፤ ሕዝቡም የተከለከለውን ሁሉ የተሰረቀ አድርጎ ያስበዋል። ንጹሕ ሹም ከዝምታ የሚያተርፈው ነገር የለም፤ ከዝምታ የሚያተርፈው ሌባው ነው፤ ንጹሑም ባንድነት ይታማል።

ማመልከቻ የሚጽፉ ወጣቶች ሁሉ አይመረጡም፤ ቦታው ጥቂት፣ ፈላጊው ብዙ ነውና። ዳሩ ግን ያልተመረጠውም ሰው ቢሆን፣ ጥርጣሬውን በልክ ጽፎ፣ የሚሻርበትንም መንገድ ለይቶ ካቀረበ፣ የትምህርቱን መጀመሪያ ያለ አስተማሪ ጨርሷል ማለት ነው፤ ያን ወረቀት ይዞ በገዛ ከተማው ሥራውን ሊጀምር ይችላል። አዘጋጁ ጊዜ ይስጠው፤ ሹሙ መዝገቡን ያሳየው፤ ዳኛውም ሁለቱን ወገን ሳይሰማ አይፍረድበት። እነዚህ ሦስቱ በሌሉበት አገር ሺህ ጋዜጠኛ ወደ ጎረቤት ተልኮ ቢማር፣ ተምሮ የሚመለሰው ወደ ዝምታ ነው።