መጽሐፉ እስኪመጣ ልጁ ክፍል ያልፋል

የመማሪያ መጽሐፍ በመንግሥት የገዛ ማተሚያ ቤት ይታተም ወይስ በጨረታ ለውጭ አታሚ ይሰጥ የሚለው ጥያቄ፣ የግዢ ክፍል ሹሞች በር ዘግተው የሚጨርሱት ጉዳይ ሆኖ ኖሯል። እኛ ግን ከግሸን አምባ ሥር ያለው የገበሬ ልጅም ይመለከተዋል እንላለን። መጽሐፉ ሲዘገይ ባዶ የሚቀረው የእርሱ እጅ ነውና።

በደርግ ዘመን የመማሪያ መጻሕፍትን ያትምና ያከፋፍል የነበረው በትምህርት ሚኒስቴር ሥር የነበረው የትምህርት መሣሪያዎች ማምረቻና ማከፋፈያ ድርጅት ነበር። ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ በዓለም ባንክና በሌሎች ለጋሾች ገንዘብ በተካሄደው የትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም አብዛኛው ኅትመት ወደ ዓለም አቀፍ ጨረታ ወጣ፤ ብዙው ሥራም ወደ ሕንድ ማተሚያ ቤቶች ሄደ። የአንዱ መጽሐፍ ዋጋ ረከሰ። ይህን መካድ አይገባም፤ ክርክራችንም በክህደት ላይ የቆመ አይደለም።

ግን ዋጋው የተቆጠረው የት ላይ ነው? ጨረታው ሣጥን ላይ ነው፤ የተማሪው ወንበር ላይ አይደለም። አንድ መጽሐፍ ውጭ አገር በ30 ብር፣ አገር ውስጥ በ40 ብር ይታተማል እንበል። የትምህርት ዓመቱ አሥር ወር ነው። የ30 ብሩ መጽሐፍ በየካቲት መጨረሻ ቢደርስ ተማሪው የሚገለገልበት አራት ወር ብቻ ነው፤ ለአንድ ወር 7 ብር ከ50 ይወድቃል። በመስከረም የደረሰው የ40 ብሩ ግን ለአንድ ወር 4 ብር ብቻ ነው። ታዲያ የትኛው ነው ርካሹ? «መጽሐፉ እኮ ለሚመጣው ዓመትም ያገለግላል» ይሉናል። መጽሐፉስ ያገለግላል፤ ልጁ ግን አይጠብቅም፣ ክፍል ያልፋል ወይም ይወድቃል።

በ2015 ዓ.ም. አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር የሆነውን ሁላችንም አይተናል። ትምህርቱ ተጀመረ፣ መጽሐፉ ግን በብዙ ቦታ አልደረሰም። መጽሐፉ በስልክ ይነበብ ተባለ። ስልክ የሌለው፣ ስልክም ቢኖረው መብራት የሌለው ምን ያንብብ? (በ2016 ዓ.ም. በአማራ ክልል ብዙ ትምህርት ቤት የዘጋው ጦርነት ነው፤ ያንን በማተሚያ ቤት ላይ አናላክክም።)

በእኛ ወገን ሆነው የሚከራከሩም አሉ፤ ክርክራቸው ግን አይጠቅመንም። «በግሸን መጽሐፈ ጤፉትን በብራና የጻፉ አባቶች ልጆች እንዴት ለመጽሐፍ ወደ ውጭ እናያለን?» ይላሉ። እንደ ጤፍ በደቀቀ ጽሕፈት የተጻፈው ያ መጽሐፍ ለአንድ ደብር የተጻፈ ነው፤ የዛሬው ተማሪ በሚሊዮን ይቆጠራል። በአባቶች ብራና መኩራት ማሽን አያስገዛም።

ከታሪክ የሚጠቅመን ሌላ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1548–49 ሮም ላይ የግዕዝ ሐዲስ ኪዳንን ያሳተሙት የደብረ ሊባኖሱ ተስፋ ጽዮን፣ አታሚዎቹ ግዕዝ ማንበብ እንደማይችሉ፣ የሚያነቡት ኢትዮጵያውያን ደግሞ ማተም እንደማያውቁ ገልጸው ስለ ስሕተቱ አንባቢን ይቅርታ ጠይቀዋል። ዛሬ ገጹ ተዘጋጅቶ ስለሚላክ ፊደል ለቃሚው አያሳስትም ይባል ይሆናል። ይሁን። ነገር ግን ስሕተቱ የተገኘው መጽሐፉ መርከብ ላይ ከተጫነ በኋላ ቢሆንስ? በአምባሰል አገር ያለችው ውጫሌ የአንድ ቃል ልዩነት ምን እንደሚያመጣ ታውቃለች፤ በ1881 ዓ.ም. በተፈረመው ውል አንቀጽ 17 አማርኛው «ይቻላቸዋል» የሚል መንፈስ ሲኖረው ጣልያንኛው ግዴታ አደረገው፤ መጨረሻውም ዓድዋ ሆነ። የሒሳብ መጽሐፍ ስሕተት ጦርነት አያስነሣም፤ አንድ ትውልድ ግን ስሕተቱን ይዞ ፈተና ይገባል። ይህችን ጋዜጣ የምናባዛት በራሳችን ማባዣ ነው። ማታ የተሳሳትነውን ጧት ስቴንስል ለውጠን እናርማለን።

«ወረቀቱም ቀለሙም የሚገዛው በዶላር ነው፤ አገር ውስጥ ማተም ምን ያተርፋል?» የሚሉን አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ወረቀቱ በዶላር ነው፤ የሠራተኛው ደመወዝ፣ ጥረዛው፣ ጭነቱ ግን በብር ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ ከ57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ሲያልፍ፣ በዶላር የተዋዋለ ሁሉ ዕዳው እጥፍ ሊሆን ደረሰ። ደግሞም ታትሞ የሚገባ መጽሐፍ ያለ ቀረጥ ሲገባ በወረቀትና በቀለም ላይ ቀረጥ እንከፍላለን የሚለው የአገር ውስጥ አታሚዎች አቤቱታ ለዓመታት ሲሰማ ኖሯል። እግሩን አስሮ «ሩጫ ተሸነፍክ» ማለት ፍርድ ነውን?

ስለዚህ ሁሉም አገር ውስጥ ይታተም አንልም። የሚሊዮኑ ቅጂ የአገር ውስጥ አቅም እስኪደርስ ይወጣ። ነገር ግን የአዲስ መጽሐፍ የመጀመሪያ ቅጂ፣ የእርማት ገጽ፣ ጥቂት ተማሪ ያላቸው ቋንቋዎች መጽሐፍና ድንገተኛ ጉድለት መሙያ በመንግሥት ማተሚያ ቤት ይታተም፤ ያ ቤትም ማሽንና ባለሙያ ይመደብለት። ለውጭ የሚሰጠው ውል ደግሞ ጅቡቲ ወደብ ሲደርስ የሚከፈል አይሁን፤ መጽሐፉ ትምህርት ቤት ገብቶ ርእሰ መምህሩ ሲፈርም የሚከፈል ይሁን። የእያንዳንዱ ጨረታ ዋጋ ከመድረሻ ቀኑ ጋር በይፋ ይለጠፍ፤ አዲስ አበባ ብቻ ሳይሆን ውጫሌ ባለው የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በር ላይም ይለጠፍ።